ሕፃናትና ምስጢረ ሥላሴ፦ «እስኪገባቸው ይቆዩ» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቁምስናችን (በሰበካችን) ወላጆች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የቆየ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናትና የካቶሊክ ምእመን እንደሆኑ ይናገራሉ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ምስጢረ ሥላሴ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይገባውም፤ ማስተማር ግድ ከሆነም በውኃ፣ በበረዶና በእንፋሎት ምሳሌ ይሁን። ጸሎትን በቃል ማስጠናት በቀቀን እንደማሠልጠን ነው። ቅዳሴ የትልልቆች ስለሆነ ልጆች በሌላ ክፍል ሥዕል እየሣሉ ይቆዩ። የመጀመሪያ ቁርባንም ከ7 ዓመት ወደ 14 ይገፋ። እስከዚያው «ጥሩ ሰው መሆንን» ብቻ እናስተምራቸው።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ልጃቸው ከትምህርተ ክርስቶስ (ከእምነት ትምህርት) ክፍል እያለቀሰ የመጣበትን ቀን ይተርካሉ። መምህሩ «ሦስቱ አካላት እነማን ናቸው?» ብሎ ጠይቆት ሲሳሳት ልጆቹ ፊት አቁሞታል። ያን ሳነብ አፈርኩ፤ እኔም አስተማሪ ነኝና። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቁምስና ከ4 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን እሑድ እሑድ ሳስተምር 17 ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ መልሴን የምሰጠው ያን ልጅ እያሰብኩ ነው። ልጁን ያስለቀሰው ግን ሥላሴ ሳይሆን መምህሩ ነው። ጸሐፊዋ ሁለቱን አንድ ላይ አሰናበቱብኝ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ይህ ነው፦ «ገና መቁጠር የሚማር ልጅ አንድም ሦስትም ሲባል ይምታታበታል።»

አንዱንም ሦስቱንም ስለ አንድ ነገር ብንናገር ኖሮ ልክ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ግን አንድ አምላክ ሦስት አምላክ ነው ብላ አታውቅም። በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ትላለች። «ባሕርይ» እና «አካል» ለሕፃን የሚከብዱ ቃላት መሆናቸውን አልክድም። ደግነቱ አማርኛችን ሁለት ትንንሽ ጥያቄዎች አሉት፤ አፉን የፈታ ልጅ ሁሉ ይለያቸዋል፤ «ምን?» እና «ማን?»።

ክፍል ውስጥ ከግቢ ያነሣሁትን ጠጠር አሳያቸዋለሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» «ድንጋይ!» «ማን ነው?» ይስቃሉ። ድንጋይ «ማን» አይባልም። ከዚያ አንዷን ልጅ አስነሣለሁ። «ምንድን ናት?» «ሰው!» «ማን ናት?» ስሟን ባንድ ድምፅ ይጠሩታል። ከዚያ ወደ እግዚአብሔር እናልፋለን። «ምን?» ስንል መልሱ አንድ ነው፤ አምላክ። «ማን?» ስንል ሦስት ስም እንጠራለን፤ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ። ይህን ለመያዝ ማባዛትና ማካፈል የሚያስፈልገው ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «እኛም እኮ ብዙ ሆነን ሰው ነን፤ ታዲያ አንድ ሰው ነን እንዴ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ በአራተኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስን ብዕር ያስነሣ ጥያቄ ነው፤ ሦስት አማልክት የማንል ለምንድን ነው የሚል። ለልጁ የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው፦ «አንተ መጫወት ስትፈልግ ጓደኛህ መተኛት ይፈልጋል። ልባችሁ ሁለት ነው፣ ሥራችሁም ሁለት ነው። አብና ወልድ መንፈስ ቅዱስም ፈቃዳቸው አንድ፣ ሥልጣናቸው አንድ፣ አምላክነታቸው አንድ ነው።» ዝም ብሎ አሰበና «እነሱ አይጣሉም ማለት ነው» አለ። የነገረ መለኮት መጽሐፍ ይህን በዚህ ቃል አይጽፈውም፤ ልጁ የቆመበት ቦታ ግን የቀና ነው።

ሌላም አለ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ፍጥረት ስንማር «እግዚአብሔር ምንም ሳይፈጥር በፊት ብቻውን ነበር? አይደብረውም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጸሐፊዋ እንደሚሉት ብናደርግ ለዚህች ልጅ ምን ይመለስላታል? «12 ዓመት ሲሞላሽ እነግርሻለሁ» ነው? ለጥያቄዋ ያለን መልስ ሥላሴ ብቻ ነው። አብ ወልድን ይወድ ነበር፤ ወልድም አብን፤ መንፈስ ቅዱስም ከእነርሱ ጋር ነበረ። እግዚአብሔር ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ እኛን የፈጠረን ሰው ናፍቆት ሳይሆን ፍቅሩ ስለተረፈ ነው። ይህን ስነግራት «እሺ» ብላ ሥዕሏን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስጢረ ሥላሴ ለትልልቆች የተቀመጠ ከባድ ምዕራፍ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች።

ጸሐፊዋ የቅዱስ አውግስጢኖስን ትውፊት ይጠቅሳሉ። አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ እያሰበ በባሕር ዳር ሲሄድ ባሕሩን በትንሽ ጉድጓድ ሊጨርስ የሚቀዳ ሕፃን አየ፤ «አይቻልም» ቢለው ሕፃኑም «አንተ የምታስበውም አይቻልም» አለው ይባላል። «ለአውግስጢኖስ ያልተቻለ ለልጄ እንዴት ይቻላል?» ይላሉ። ትውፊቱን ግን ልብ ብለው ቢያዩት አስተማሪው ሕፃኑ ነው፤ ተማሪው ሊቁ። አውግስጢኖስም ቢሆን ስለ ሥላሴ 15 መጻሕፍት ከጻፈ በኋላ ሥራውን የዘጋው በጸሎት ነው። እዚያ የደረሰው ለዓመታት ደክሞ ነው፤ ሕፃን የሚጀምረው ከዚያው ከጸሎቱ ነው። «መግባት» ማለት ጨርሶ ማወቅ ከሆነ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አልገባኝም፤ የ12 ዓመት ልጅም አይገባውም። የዕድሜ ገደቡ የትም አያደርሰንም።

ወደ ውኃው ምሳሌ ልምጣ። «ውኃ፣ በረዶ፣ እንፋሎት፤ አንድ ነገር በሦስት መልክ» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ለልጆች ባንሰጥ እመርጣለሁ፤ በዚህ ላይ ጠንከር ማለት አለብኝ። አንዱ ውኃ በረዶ ሲሆን ፈሳሽነቱን ይተዋል፤ እንፋሎት ሲሆን በረዶነቱን። ልጁ የሚይዘው እግዚአብሔር አንዴ አብ፣ አንዴ ወልድ፣ አንዴ መንፈስ ቅዱስ እየሆነ ይለዋወጣል የሚል ነው። ይህ በሦስተኛው መቶ ዓመት ሰባልዮስ ያስተማረውና ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችው ስሕተት ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ከአእምሮው ማውጣት ደግሞ ቀድሞ ከማስተማር ይከብዳል።

ከዚህ የተሻለ በእጃችን አለ። የሀገራችን ሊቃውንት በፀሐይ ያስተምራሉ፤ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ። ሦስቱም አብረው አሉ፤ ብርሃኑ ሲመጣ ክበቡ አይጠፋም። ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ የሚለውም አለ። እነዚህም ምሳሌ ናቸውና ያነክሳሉ፤ ሙቀት አካል የለውም፤ ሙቀትን ማንም አይወደውም፣ ሙቀትም ማንንም አይወድም። ስለዚህ እኔ ከምሳሌ ይልቅ ታሪክ እመርጣለሁ፤ ያውም ልጆቻችን ከነዝማሬው የሚያውቁትን። ጥር 11 ቀን ውኃ ተረጭተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከታቦትና ከመስቀል ኋላ ሲሄዱ የዋሉ ልጆች ናቸው። «ዮርዳኖስ ውስጥ ማን ቆሟል?» «ኢየሱስ!» «ከሰማይ የተናገረው ማን ነው?» «አባቱ!» «እንደ ርግብ የወረደውስ?» «መንፈስ ቅዱስ!» ሦስቱም ባንድ ሰዓት፣ ባንድ ቦታ። የውኃው ምሳሌ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ወልድ ውኃው ውስጥ እያለ አብ ይናገራል። ልጆቹም ማብራሪያ ሳይጠይቁ ይቀበሉታል፤ ታሪክ ነውና።

አንዲት ልጅ ደግሞ ቤታቸው የተሰቀለውን የሥላሴ ሥዕል ይዛ መጣች፤ ሦስት አረጋውያን፣ ጸጉራቸው ነጭ፣ ፊታቸው አንድ ዓይነት፣ በአራቱ ማዕዘን አራቱ እንስሳ። «አብ የትኛው ነው?» አለችኝ። ሥዕሉን ከልጆቹ ጋር ብዙ ጊዜ አየነው። አንዱ መሀል ያለው ነው አለ፤ ሌላዋ ልብሱን ቆጠረች። በመጨረሻ ያቺው ልጅ «ሠዓሊው እንዳናበላልጥ ብሎ ነው» አለች። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም የሚለውን ትምህርት ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም። (የእግዚአብሔር አብ ሽበት እርጅና እንዳልሆነ ግን መንገር ነበረብኝ፤ ይሞታል ብለው ተጨንቀው ነበር።)

«በቀቀን» የሚለው ቃል ላይ ከጸሐፊዋ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። እኔ ራሴ በልጅነቴ በጥያቄና መልስ ነው የተማርኩት፤ አለንጋም ነበረው። መልሱን አውቀው ነበር፤ የጠላሁትም ያኔ ነው። በዱላና በማሸማቀቅ የሚገባ ቃል ከሰው ጋር አያረጅም፤ ስለዚህ የቁምስና ኃላፊዎች ይህን ዛሬውኑ ማስቆም አለባቸው።

በቃል መያዝ ራሱ ግን ሌላ ነገር ነው። የሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በፊደልና በንባብ ይጀምራል፤ ዳዊት ይደገማል፤ ትርጓሜው የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቃሉ አስቀድሞ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ትርጉሙ ሲደርስ ማረፊያ ያገኛል። ሕፃን «እማዬ» የሚለው የቃሉን ፍቺ አጥንቶ አይደለም፤ ጠርቷት ስለምትመጣ ነው።

ደግሞ በቃል የምናስይዛቸውን እንይ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።» ከዚህ ያጠረ የሥላሴ ትምህርት ማን ይጽፋል? ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር እጃችንን ግንባራችን ላይ አድርገን በዝግታ እንለዋለን። «ስንት ጠራን?» «ሦስት!» «መጨረሻ ላይ ምን አልን?» «አሐዱ አምላክ!» «አሐዱ ስንት ነው?» «አንድ!» መጀመሪያው ላይ ያለው «በስመ» ደግሞ በስም ማለት ነው፤ በስሞች አይልም። ይህን ያሳየሁት ለትልልቆቹ ነው፤ ለዘጠኝ ዓመቶቹ። አንዱ ልጅ ስንት ዓመት ሲለው የኖረውን ጸሎት እንደ አዲስ ደገመው። ባይዘው ኖሮ ምኑን ያየው ነበር?

የቅዳሴው ነገር ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው። «ቅዳሴ ረጅም ነው፣ ግማሹ ግዕዝ ነው፣ ልጆች ይረብሻሉ፤ በሌላ ክፍል ሥዕል ይሣሉ።»

ለጸሐፊዋ የሚያግዝ ነገር ስላለ እርሱን አስቀድሜ ልናገር። የቫቲካን የመለኮታዊ አምልኮ ማኅበር በኅዳር 1 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ሕፃናት የሚሳተፉበትን ቅዳሴ በተመለከተ መመሪያ አውጥቷል። ለላቲን ሥርዓት፣ ማለትም ለምዕራቡ የካቶሊክ አምልኮ፣ የተጻፈ ነው። በዚያ ላይ መሳተፍ የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ጨቅላዎች በሌላ ቦታ እየተጠበቁ በመጨረሻ ለቡራኬ ሊመጡ እንደሚችሉ፣ ልጆች የእግዚአብሔርን ቃል ለብቻቸው በሚገባቸው መንገድ ሰምተው ወደ ጉባኤው ሊመለሱ እንደሚችሉ ይገልጻል። በቀጣዩም ዓመት በ1974 እ.ኤ.አ. ለልጆች የተዘጋጁ ሦስት የቁርባን ጸሎቶች ወጡ። ስለዚህ የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ የወጣች እናት ኃጢአት አልሠራችም፤ ዓይናቸውን የሚያጉረጠርጡባት ሰዎች ይታረሙ። ነገር ግን የመመሪያው መላ ሐሳብ ልጆችን ወደ ቅዳሴው ማስገባት ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ ማስወጣት ይፈልጋሉ።

የግዕዙ ሥርዓተ ቅዳሴ ለሕፃን ይርቃል የሚለውን በተለይ አልቀበልም። እሑድ አንድ ቀን ከልጆቹ አጠገብ ይቁሙና ይዩ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ይነሣሉ፤ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ይላሉ። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ይመልሳሉ። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲባል ከልባቸው ወደ ምሥራቅ የሚዞሩት እነርሱ ናቸው፤ እኛ ትልልቆቹ ቆመን እንቀራለን። ዕጣን አለ፣ ቃጭል አለ፣ ሻማ አለ፣ መስገድ አለ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ አውቃለሁ፤ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ መሬት ይቀመጣል፤ የሚጫወት ይመስልሃል። መልሱ ሲደርስ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የእርሱ ድምፅ ነው። የተቀመጠ ሰው ሁሉ መልስ የሚሰጥበት ጸሎት ለሕፃን ከስብከት ይቀርባል።

ሥላሴንም የሚማሩት እዚያው ነው። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ይላሉ ካህኑ፤ ሕዝቡም «በአማን አብ ቅዱስ፣ በአማን ወልድ ቅዱስ፣ በአማን ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይመልሳል። አንድ ልጅ «አባ እጃቸውን ዘርግተው የሚያናግሩት ማንን ነው?» ሲል ጠይቆኛል። ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በቅዳሴ ሐዋርያት ጸሎቱ ወደ አብ ነው፤ የሚቀርበው ወልድ ነው፤ በኅብስቱና በጽዋው ላይ እንዲወርድ የሚለመነው መንፈስ ቅዱስ ነው። ይህን ለልጁ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። በሚቀጥለው እሑድ ካህኑ መንፈስ ቅዱስን ሲለምኑ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። ሥዕል ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያን ጣት አላየውም ነበር።

ልጆች ቅዳሴን እንዲያውቁ የሚረዳው ነገር በእጃቸው እንዲነኩት ማድረግ ነው። ሮም ላይ ሶፊያ ካቫሌቲና ጃና ጎቢ በ1954 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የመልካሙ እረኛ ትምህርተ ክርስቶስ የሕፃናት ትምህርት ሊቋን የማርያ ሞንቴሶሪን መንገድ ተከትሎ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን በትንንሽ የቅዳሴ ዕቃዎች ያስተምራል። እኛም ቁምስናችን አቅሙ በፈቀደ አድርገነዋል፤ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ ትንሽ ጽዋ። ዘቢብ ዘፍዝፈን የጨመቅነውን ጽዋው ውስጥ አድርገን ልጆቹ በተራ አንዳንድ ጠብታ ውኃ ይጨምራሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔ ጸጥ በሉ ሳልል። አንዷ ጣቷን አስገብታ ፈለገችና «ውኃዬ የለም» አለች። «የት ሄደ?» «ውስጥ ነው። አይወጣም።» ጠብታው እኛ መሆናችንን፣ ጽዋው ውስጥ ከክርስቶስ ጋር አንድ መሆናችንን ነገርኳት። «እኔም አልወጣም?» አለች።

ስለ መጀመሪያ ቁርባን፦ ድግሱ፣ የሙሽራ የመሰለው ልብስና ፎቶው ነገሩን እየዋጡት ነው ያሉት እውነት ነው። ልብስ መግዛት ስላልቻሉ ልጃቸውን ያስቀሩ ወላጆች አውቃለሁ። መድኃኒቱ ልብሱን ማቅለል ነው፤ ልጁን ሰባት ዓመት ማስጠበቅ ምን ይፈውሳል? ይህ ክርክር ደግሞ አዲስ አይደለም። አራተኛው የላተራን ጉባኤ በ1215 ማመዛዘን የጀመረ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲናዘዝና እንዲቆርብ አዘዘ። በኋላ በብዙ ቦታ ልጆች እስከ 12፣ እስከ 14 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በነሐሴ 8 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. ባወጡት ድንጋጌ ያን ልማድ አፈረሱ፤ ዕድሜው ሰባት ዓመት አካባቢ ነው አሉ። የጠየቁትም ልጁ ለድኅነት አስፈላጊ የሆኑትን ምስጢራት እንደ አቅሙ እንዲረዳና የቁርባኑን ኅብስት ከተራ እንጀራ እንዲለይ ነው። «እንደ አቅሙ» የሚለው ቃል የኔን ሥራ ሁሉ ይዟል።

የምሥራቁ ትውፊት ደግሞ ከዚህም ያልፋል። በሀገራችን ጥንታዊ ሥርዓት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው፣ ሜሮን ተቀብተው፣ ያኔውኑ ይቆርባሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 710 ሕፃናት ከጥምቀትና ከሜሮን በኋላ ስለሚቆርቡበት ጉዳይ የየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የ40 ቀን ሕፃን ምን ገባው? የእናቱ ጡትም አልገባውም፤ ይጠባል።

«ጥሩ ሰው መሆንን ብቻ» ስለሚለው ብዙ አልልም። «አትዋሽ፣ አትስረቅ፣ እግዚአብሔር ያይሃል» ብቻ እየተባለ ያደገ ልጅ እግዚአብሔርን የሚያውቀው እንደ ዘበኛ ነው። አባት እንዳለው፣ ወንድም እንዳለው፣ ውስጡ የሚጸልይ መንፈስ እንዳለው ሳይነግሩት ጥሩ ሁን ማለት ሸክም ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በቁጥር 234 ምስጢረ ሥላሴን የክርስቲያን እምነትና ሕይወት ማዕከላዊ ምስጢር ይለዋል። ማዕከሉን ለመጨረሻ አስቀምጠን ዙሪያውን ለ12 ዓመት እናስተምር ማለት አይሆንልኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጽሑፉ «እስኪገባቸው» ሲል መግባት ሁሉም ልጅ ጋ እንደሚደርስ ቆጥሮ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ አሁን የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ አይናገርም። ሐኪሞች ለእናቱ የነገሯት ተስፋ ብዙ አይደለም። 12 ዓመት ሲሞላውም፣ 20 ሲሞላውም «አካል» እና «ባሕርይ» ብሎ አይመልስልንም። በዚህ ልኬት ከሄድን ለእርሱ መቼም አይደርሰውም። እርሱ ግን አምስት ዓመት እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ባለፈው ጾም አንድ እሑድ ካህኑ «አሐዱ አብ ቅዱስ» ሲሉ እጁን ከእናቱ እጅ አወጣና ግንባሩን ነካ፤ ከዚያ ደረቱን፤ ከዚያ ግራ ትከሻውን። ቀኙን ሲፈልግ እጁ ተወናበደበት። እናቱ ልትረዳው ስትል ገፋ አደረጋትና ራሱ አገኘው።